አራት ቀን በቴር-ደ-ኦ

ሉዲቪን ዕረፍቱን ለማቀድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባት ነበር። እናቷ ዕቅዱን ለማፍረስ ግን የዱባ ሾርባው እስኪበርድ እንኳ አልጠበቀችም።

«ከመቼ እስከ መቼ ነው ያልሽኝ?» አለች እናቷ ፌሊሲዬን፣ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

«ከኦክቶበር ሠላሳ አንድ እስከ ኖቬምበር ሦስት። አራት ቀን ብቻ ነው፣ እማዬ።»

ፌሊሲዬን ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። ዐይኗን ያላመነች ይመስል ተነሥታ ሄዳ ቀኑን በጣቷ ነካችው።

«በቅዱሳን ሁሉ በዓል?» አለች ቀስ ብላ። «አባትሽን በጨለማ ትተሽው ልትዋኚ?»

ሉዲቪን ይህን ጥያቄ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። መልስም አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን መልሱን ትታ ሾርባዋን ማማሰል ጀመረች።

በሚኖሩባት የባሕር ዳር ከተማ፣ በትሯ-ሪቪዬር፣ ኖቬምበር አንድ ላይ መቃብሩ ላይ ሻማ ያልበራለት ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሰው መነጋገሪያ ይሆናል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ሰው ሁሉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ የዘመዱን መቃብር ያጥባል፣ ነጭ ይቀባል። በበዓሉ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻማው ይበራል፤ ትልልቆቹ በመቃብሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ያወጋሉ፤ ልጆች በር ላይ የተቆላ ለውዝና የኮኮናት አይስክሬም ይበላሉ። ያን ዕለት ለቅሶ የለም፤ ሁሉም የሞተ ዘመዱን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚባለውም ያን ዕለት ነው።

እናቷ ስልኩን አነሣች። ለማን እንደምትደውል ሉዲቪን ገባትና ዐይኗን ጨፈነች።

የሉዲቪን የክርስትና እናት ሲዶኒ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሱና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። በዚያ አገር የክርስትና እናት «ኔኔን» ትባላለች፤ ቃሏም ከእናት ቃል ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ ኔኔን ሲዶኒ። «ይሄ አብረሽው ልትሄጂ ያሰብሽው፣ ሮዛን የምትይው ልጅ የሞተ ዘመድ የለውም?»

«እናቱ ሞታለች፣ ኔኔን።»

«የት ነው የተቀበረችው?»

«ፑዋንት-ታ-ፒትር ይመስለኛል። እዚያ አጎቱ ጋ ነው ያደገው።»

«ይመስለኛል» አሉ ኔኔን ወደ ፌሊሲዬን ዞረው። «ሰማሻት? ይመስላታል። ስምንት ወር ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር፣ ልጄ?»

«አሥር አሥር ደቂቃ ነው ያወራነው።»

እውነቷን ነበር።

የቴር-ደ-ኦን ደሴት ከተወለደች ጀምሮ ከወጥ ቤታቸው መስኮት ስታየው ኖራለች። በጀልባ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ነገር ግን ባሕሩ እዚያ መካከል ላይ ይቆጣል፣ እሷንም ያስመልሳታል፤ ስለዚህ ረግጣው አታውቅም ነበር። በማርች መድኃኒት ቤቱ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቷ፣ በበረዶ የታሸገ መድኃኒት አስይዞ ላካት። ጀልባው ገና ከወደቡ ሳይርቅ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አንድ ወጣት እጁ በግራሶ እንደ ጠቆረ ከሞተሩ ክፍል ወጣና የተቆረጠ ሎሚ ሰጣት።

«አሽትቺው» አላት። «ዐይንሽን ደሴቱ ላይ አድርጊ።»

«ደሴቱም ይወዛወዛል።»

«እሱ የትም አይሄድም። የምትወዛወዢው አንቺ ነሽ።»

ደሴቱ ወደብ ላይ መድኃኒቱን አስረክባ በዚያው ጀልባ ተመለሰች። ያየችው ነገር ቢኖር ወደቡን ብቻ ነው። በማግስቱ ያ ወጣት፣ ሮዛን፣ መድኃኒት ቤት መጣና ለጣቱ ፋሻ ጠየቀ። ጣቱ ላይ ምንም ቁስል አልነበረም። ሁለቱም ጣቱን አዩት፤ እሷም ፋሻውን ጠመጠመችለት።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በጀልባው ሰዓት ሆነ። እሷ እሑድ ታርፋለች፤ እሑድ ደግሞ ጀልባው በሰው የሚሞላበት ቀን ነው። በሌላው ቀን ጀልባው ሲቆም ሮዛን ሞተሩን አይቶ፣ ዘይቱን ለክቶ ሲጨርስ አሥር ደቂቃ ይተርፈዋል። እሷም ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ወደቡ ትሮጣለች። እሱ ከማዶ «የፍቅር ሥቃይ» የሚሉትን ክብ የኮኮናት ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል። ጥያቄ ጀምረው መልሱን በማግስቱ የሚሰሙበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በኦገስት፣ ገመዱ እየተፈታ ሳለ፣ ማርሴይ ለመማር እንደ ተቀበሉት ነገራት። ኖቬምበር አሥራ አምስት ይሄዳል፤ ትምህርቱ አሥራ ስምንት ወር ነው። «ጠብቂኝ» አላላትም። «አትጠብቂኝ»ም አላላትም። ጀልባው ሄደ።

ሉዲቪን አራቱን ቀናት የፈለገቻቸው ለዚህ ነበር። ልጠብቅህ ወይስ ልተውህ ብሎ ለመጠየቅ፣ ጠይቆም መልሱን ተቀምጦ ለመስማት፣ አሥር ደቂቃ አይበቃም።

ዕቅዱ ግን ከመጀመሪያው እግር እግሯን ሲጠልፋት ነበር። አለቃዋ አራት ቀን ሰጡና አንዱን መልሰው ወሰዱ፤ ሁለት ጊዜ ለምና አስመለሰችው። የመጀመሪያው ማረፊያ ሞልቷል አሏት። ሁለተኛው ስልክ አያነሣም። ሦስተኛዋ፣ ማዳም ብሩዶ የሚባሉ ባልቴት፣ ሁለት ክፍል አለኝ አሏት፤ ሁለት ክፍል መሆኑን ለእናቷ አሥር ጊዜ ነገረቻት። ከሁሉም ያናደዳት ደግሞ ሮዛን ነበር። ቀኑን እናዛውረው ባለችው ቁጥር «ሌላ ቀን አይሆንልኝም» ይላል። ለምን ስትለው ሞተሩ ይጠራዋል።

«የኬኩን ስም ሰምተሽ አልጠረጠርሽም?» አሉ ኔኔን ሲዶኒ፣ ሾርባ እየቀዱ። «የእናቱን ቀን ረስቶ ሴት ይዞ ባሕር ዳር የሚሄድ ወንድ ማርሴይ ሲገባ ያንቺን ስም ያስታውሳል?»

ፌሊሲዬን ዳቦውን ትቆራርስ ነበር፤ ማንም የማይበላውን ያህል ቆራረሰች።

በማግስቱ ጀልባው ሲጠጋ ሉዲቪን ወደቡ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ኖቬምበር ሁለት እንሂድ» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው። «ኖቬምበር አንድ የአባቴን ሻማ አበራለሁ፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ እንሄዳለን። ሁለት ቀን ይቀረናል።»

ሮዛን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም መጥረጉን አልተወም።

«በሁለት አይሆንም፣ ሉዲ።»

«ለምን?»

«አንደኛው ቀን ላይ እዚያ እንድትሆኚ ፈልጌ ነበር።»

«ባሕሩ ሰማያዊ የሚሆነው ያን ቀን ብቻ ነው?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።  ከራሷ በላይ ወደ ማዶ አየ።

«አባቴን በጨለማ ትቼ ልዋኝ ነው የምትለኝ?» አለችው። የእናቷን ድምፅ ከራሷ ጉሮሮ ሰማችና በራሷ ተናደደች።

ፊቱ ላይ ክፍት የነበረ ነገር ሲዘጋ አየች።

«አይ» አለ። «እንደዚያ አልልሽም። ልክ ነሽ። አባትሽ ጋ ሁኚ።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ሮዛን» አለ ካፒቴኑ ከላይ፣ «ሞተሩ ራሱን ያስነሣል እንዴ?»

ሮዛን ወደ ጀልባው ገባ። ሉዲቪን ገመዱ ሲፈታ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ቢጣላት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታገላት ለቀቃት።

ሳምንቱን ከእናቷ ጋር የአባቷን መቃብር ስታጥብ ሰነበተች። ጥቁርና ነጭ የሸክላ ንጣፍ የለበሰ፣ ትንሽ ቤት የሚያህል መቃብር ነው። ሸክላውን እስኪጮህ ድረስ ፈተገችው። እናቷ «ቀስ በይ፣ ልታፈርሺው ነው» አለቻት። ሉዲቪን አልሰማቻትም።

ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጨዋነት ስለሆነ ብቻ፣ ማዳም ብሩዶ ጋ ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው።

«ሁለቱንም ክፍል ነው የምትተዪው?» አሉ ማዳም ብሩዶ።

«የእኔን ብቻ። ሮዛን ይመጣ ይሆናል።»

«እሱማ ከጠዋቱ ነው የገባው። ወይኔ ልጄን። ታዲያ ሁለተኛውን ብሩሽ ለማን ልስጥ?»

«የምን ብሩሽ?»

«ሁለት ብሩሽና አንድ ባልዲ ኖራ ያዘጋጁልኝ ብሎኝ ነበራ። የእናቱን መቃብር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ነው የቀባው። ዘንድሮ ሁለት ነን አለኝ። እኔም ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፤ አፌ አያርፍ።»

ሉዲቪን የመድኃኒት ቤቱን ጠረጴዛ ያዘች።

«እናቱ እዚያ ናት የተቀበረችው?»

«ኢሬን የኛው ልጅ አይደለች እንዴ? የት ትቀበር ኖሯል? አጎቱ የወሰደው ከቀብሯ በኋላ ነው። አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«አይ ወንድ» አሉ ማዳም ብሩዶ። «ምን ብሎ ነው ታዲያ የጠራሽ?»

ሉዲቪን አሁን ትዝ አላት። «ዕረፍት» የሚለውን ቃል ያመጣችው እሷ ናት። ሮዛን አንድ ቀን «በቅዱሳን በዓል ቴር-ደ-ኦ ብትመጪ...» ብሎ ሲጀምር፣ ሳታስጨርሰው እጁን ይዛ ዘለለች። ባሕር ዳሩን፣ ኮረብታው ላይ ያሉትን ፍየሎች፣ የምትዋኝበትን ልብስ ቀለም ሳይቀር ተናገረች። እሱም ያን ደስታዋን እያየ የጀመረውን ቃል ዋጠው።

በዚያ በዓል አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ይዞ እናቱ መቃብር አጠገብ ከቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ማናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሊያገባት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሮዛን ሊያደርግ የነበረው ይህን ነው። እሷ ደግሞ «ልዋኝ ነው?» አለችው።

ቤት ስትደርስ ኔኔን ሲዶኒ ሻማ ይቆጥሩ ነበር፣ እናቷም የበዓል ቀሚስ ትተኩስ ነበር። ሉዲቪን ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ቀሚሱ መቃጠል ጀምሮ ነበር። ፌሊሲዬን ካውያውን አነሣች።

«ባሕሩ ነገ ይቆጣል ብለዋል» አለች። «ጀልባው ቢገለበጥስ? እሺ፣ አልተገለበጠም እንበል። ማርሴይ ሄዶ ቢረሳሽስ? እዚያ ሰው ሁሉ አይቶሽ የማያገባሽ ቢሆንስ? ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ይኸው።»

«እማዬ፣ ባልሄድ መልሱን ሳላውቅ እቀራለሁ። ሳላውቅ መቅረቱ ነው የሚገድለኝ።»

እናቷ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች።

«ሻማውን ጠዋት እናበራለን» አለች።

«በፀሐይ?» አሉ ኔኔን ሲዶኒ። «ፌሊሲዬን፣ በፀሐይ ሻማ የሚያበራ ማን አይተሻል?»

«አባቷ በሕይወቱ ሳለ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይተኛ ነበር። ማታን መቼ ወዶ ያውቃል?»

ኔኔን ሲዶኒ ስቀው እንዳይታዩ ወደ ሻማዎቹ አቀረቀሩ። «ማታ ሰው ልጅቱስ የት ሄደች ሲለኝ ምን እላለሁ?»

«እውነቱን። ሙት ልትጠይቅ ሄደች በያቸው።»

በማግስቱ ሦስቱ ሴቶች ሦስት ሰዓት ላይ መቃብሩ ጋ ነበሩ፤ ከእነሱ በቀር ማንም አልነበረም። ነፋሱ ሻማውን አራት ጊዜ አጠፋው። በአምስተኛው ሲይዝ ፀሐዩ ስለበረታ ነበልባሉ አልታየም። ፌሊሲዬን እጇን ከላዩ አድርጋ ሙቀቱን አረጋገጠችና «በርቷል፣ ሂጂ» አለቻት። ከዚያ ደግሞ ጠርታ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ሹራብና በጨርቅ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ አሸከመቻት።

ሎሚው አልረዳትም። ሉዲቪን እስከ ቴር-ደ-ኦ ድረስ ስታስመልስ ሄደች። ወደቡ ላይ ወርዳ አፏን ታጠበች። ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ አንዲት ኬክ ሻጭ አሳየቻት።

የመቃብር ስፍራው አሸዋማ ነው። የባሕረኛ ቤተሰቦች መቃብር ድንጋይም ሸክላም የለውም፤ ትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዙሪያውን ተደርድሮበታል። ሮዛን ጀርባውን ሰጥቷት ተንበርክኮ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ኖራ ይቀባ ነበር። ሁለተኛው ብሩሽ አጠገቡ አሸዋው ላይ ነበር፤ አዲስ ነው፣ ከነላስቲኩ።

«ቀጥነሃል» አለችው።

ዞረ። ብሩሹ ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ አላስተዋለም።

«አባትሽስ?»

«በርቶለታል። ጠዋት።»

«ማዳም ብሩዶ ናቸው የነገሩሽ።»

«እሳቸው ናቸው። አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ሮዛን ብሩሹን ባልዲው ጠርዝ ላይ አራገፈ። ባሕሩ ከመቃብር ስፍራው ግንብ ጀርባ ይሰማ ነበር።

«የውሃ ውስጥ መነጽር ገዝተሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ወደብ ድረስ አድርገሽው መጥተሽ አሳየሽኝ። ሰው ሁሉ ሲስቅብሽ ግድ አልነበረሽም። እንደዚያ ሆነሽ እያየሁሽ፣ መቃብር ነው የምንቀባው እንዴት ልበልሽ?»

«እንዲሁ ነዋ። መቃብር ነው የምንቀባው ትላለህ።» ሹራቧን አሸዋው ላይ ወረወረች። «ከእናቴ ጋር ተጣላሁ። ከኔኔን ጋር ተጣላሁ። አለቃዬን ሁለት ጊዜ ለመንኩ። ለምን እንደምጣላ እንኳ ሳላውቅ። አንተ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ እናቴ ራሷ ሻንጣዬን ታዘጋጅልኝ ነበር።»

«ተቆጥተሻል።»

«በጣም። ብሩሹን ስጠኝ።»

ጎን ለጎን ተንበርክከው ቀቡ። እሷ ከውጭ ነጭ ታደርጋለች፤ እሱ የቅርፊቱን ሮዝ አፍ ሳይነካ ጠርዙን ይከተላል። እናቱ የገዛ አባቷን መቃብር ስትቀባ አፉን መቀባት አትወድም ነበር አላት። ስለ ኢሬን የነገራት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ከዚያ ሌላ ነገራት። ከዚያ ደግሞ ሌላ። የሚጠራው ሞተር አልነበረም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የመጣ ሁሉ ሮዛንን ሰላም ይላል፣ እሷን አይቶ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።  አሁን ካልጠየቀች መቼም አትጠይቅም።

«ሮዛን፣ ልጠብቅህ ወይስ አልጠብቅህ?»

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አቆመው።

«አሥራ ስምንት ወር ነው፣ ሉዲ።»

«ስንት ወር እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ነው የጠየቅሁህ።»

«ጠብቂኝ ብልሽ እሺ ትያለሽ። የምፈራው እሱን ነው። በየቀኑ መስኮት ላይ ቆመሽ ዕድሜሽን...» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ሉዲቪን ልትጮህ ትንሽ ቀራት። ባሕር ተሻግራ፣ አንጀቷ እስኪወጣ አስመልሳ፣ እዚህ እናቱ እግር ሥር ተንበርክካ፣ ያገኘችው እንደ ወደቡ ያለ ግማሽ መልስ ነው። ክብሪቱን አንሥታ ሻማ ለመለኮስ ሞከረች። ነፋሱ አጠፋባት፤ ደጋግማ ጫረች።

አጠገባቸው ካለው መቃብር አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ሮዛን» አሉ፣ «በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ ማርሴይ ነህ አሉ። ኢሬንን ማን ሊቀባት ነው? እኔ እንደሆነ ወገቤ ለራሴ ሚስት መቃብርም አልበቃ ብሏል።»

ሮዛን መሬት መሬቱን አየ። ይህን ያላሰበው ሳይሆን ብዙ ጊዜ አስቦ መልስ ያጣለት መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ሻማው ተያያዘ። ሉዲቪን አሸዋው ውስጥ ተክላ ዙሪያውን በእጇ አጠበቀችው።

«እኔ ነኝ የምቀባት» አለች።

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ቸኩለው አልነበረም።

«ባሕሩን ትችይዋለሽ?»

«አልችለውም። ግን እመጣለሁ።»

«ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

ነገረቻቸው። ሮዛን አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ሳልጠይቅሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ እስክትጠይቅ ብንጠብቅ እዚሁ ነው የሚቀብሩን።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን ኖራ በነካው ክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ያልበራ ሻማ አነሣና ከእሷ ሻማ ለኮሰ። እጁ ከእጇ አልራቀም።

ሽማግሌው ስሟን ወዲያ ላሉት ጎረቤታቸው ነገሩ። ጎረቤቲቱም ለእኅቷ ነገረች። ሉዲቪን ስሟ ከመቃብር ወደ መቃብር ሲያልፍ፣ በየሻማው አጠገብ ራሶች ሲዞሩ አየች። ግንቡ ሥር ያሉት የመጨረሻዎቹ ሴቶች ዘንድ ሲደርስ ስሟ ሉሲቪን ሆኖ ነበር። ልታርም አፏን ከፈተችና ተወችው፤ የዛሬ ዓመት ስትመጣ ራሷ ትነግራቸዋለች።